በአቦ ዕለት የፈረሰው ድልድይ

ባለፈው ሳምንት አንዲት ወጣት መሐንዲስ ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ የሚሠራ የድንጋይ ድልድይ ዘንድ ወስዳኝ፣ ለሰልጣኞቿ አንድ ሁለት ቃል እንድናገር ጠየቀችኝ። ወገቤ ድንጋይ ማንሳት ከተወ ቆይቷል፤ ምላሴ ግን ገና ጡረታ አልወጣምና እሺ አልኩ። ልጆቹ ስልካቸውን ደግነው ይቀርጹኝ ጀመር። ስለ ኖራው፣ ስለ አሸዋው፣ ስለ ድንጋይ አመራረጡ የማውቀውን ሁሉ ዘረገፍኩላቸው። መጨረሻ ላይ አንድ ቀጠን ያለ ልጅ እጁን አውጥቶ፣ «ጋሼ፣ የሠሩት ድልድይ ፈርሶብዎት ያውቃል?» አለኝ። ጓደኞቹ በክርናቸው ጎሰሙት። ነውር የጠየቀ መስሏቸው ነው።

«አዎ፣ አንድ ጊዜ» አልኩት። እንዴት እንደፈረሰ ለመንገር ግን ጊዜ አልነበረም፤ ፀሐዩ በርትቷል፣ የሚመልሰን መኪናም ጥሩምባውን ያስጮሃል። ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ በዕድሜዬ ከሠራኋቸው ድልድዮች ሁሉ አብልጬ የማመሰግነው ያንኑ የፈረሰውን ሆኖ አገኘሁት። ይህን ለልጆቹ ሳልነግራቸው መቅረቴ ቆጨኝና ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ግንበኛ ተብዬ መጠራት ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ለትዕቢት ግን ሁለት ዓመት ይበቃል። የእኛን የእስቴን አገር ከሲማዳ የሚለየው ወይራ ውሃ የምንለው ወንዝ ነበር። በበጋ ወንዝ ለመባልም አይበቃ፤ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ከድንጋይ ድንጋይ እየረገጡ ይሻገሩታል፣ አህያም ጉልበቷን ሳታረጥብ ታልፈዋለች። ክረምት ሲገባና ከላይ ከደጋው ሲዘንብ ግን ቀይ ጭቃና ግንድ፣ አንዳንዴም የሞተ ከብት እየገፋ ይመጣና ሁለቱን አገር ይቆራርጣል። ማዶ ቆሞ የሚጣራን ሰው መልኩን ታያለህ፤ ድምፁን ግን ውሃው ይውጠዋል።

እዚያ ማዶ ታላቅ እህቴ ስንዱ ተድራ ነበር። እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ድልድዩ ከመጀመሩ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በነሐሴ፣ የመጀመሪያ ምጧ ጠናባት። ባሏ ዘለቀና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ተሸክመው እስከ ወንዙ አፋፍ አደረሷት። ጤና ጣቢያው ያለው በእኛ በኩል፣ መካነ ኢየሱስ ነው። ወንዙ ሦስት ቀን ሙሉ አልጎደለም። እኔ በዚህኛው አፋፍ፣ እነሱ በዚያኛው ቆመን ተያየን። እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም።

ድልድይ እንሥራ የሚለው ወሬ በሁለቱ ደብር ሰዎች መካከል የተነሳው ከዚያ በኋላ ነው። በጥር ሥራው ሲጀመር ስንዱ እንደገና ፀንሳ ነበር፤ የምትወልደውም በሐምሌ ነው። ለሌላው ሰው ድልድዩ ከክረምት በፊት ቢያልቅ ደስ ይለዋል፤ ባያልቅም የመጪው ዓመት ሰው ይበለን ብሎ ይተኛል። ለእኔ ግን ማለቅ ነበረበት።

ሥራውን የሚመሩት አያ ሞላ የሚባሉ የታች ጋይንት ሰው ነበሩ። ከአርብ ገበያ ድረስ ለምነን ያመጣናቸው ናቸው። አጭር፣ ደረቅ፣ ከኖራ ብዛት የእጃቸው ቆዳ የተሰነጣጠቀ ሽማግሌ፤ ሲናገሩ ቀስ ብለው፣ ሲቆጡ ደግሞ ይብስ ቀስ ብለው ነው። በእኛ በኩል ላሉት ሠራተኞች እኔን፣ በሲማዳ በኩል ላሉት አማቼን ዘለቀን ኃላፊ አደረጉን። ዘለቀ ጥሩ ሰው ነው፤ አፉ ግን አያርፍም። «አማቼ፣ የእስቴ ሰው ድንጋይ የሚያነሳው ተማክሮ ነው መሰለኝ!» እያለ ከማዶ ይጮህብኛል። ሠራተኞቹ ይስቃሉ፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ውስጤ ግን ይበግናል።

የድንጋይ ቅስት የሚሠራበትን መንገድ ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልንገረው። ቅስት እስኪዘጋ ድረስ ራሱን አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ከባሕር ዛፍ ግንድና ከሳንቃ ጎበጥ ያለ ድጋፍ ወንዙ ላይ ይቆምለታል። ከዚያ ከሁለቱም አፋፍ የተጠረበ ድንጋይ ረድፍ በረድፍ እየተደረደረ ወደ ላይ ይወጣና መሐል ላይ ይገናኛል፤ የመጨረሻው ድንጋይ ሲገባ ሁለቱ ወገን እርስ በርሳቸው ተደጋግፈው ይቆማሉ። እንጨቱ ያን ጊዜ ሥራው አለቀ። እስከዚያ ድረስ ግን ሸክሙ ሁሉ በእንጨቱ ላይ ነው። አያ ሞላ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያጠብቁት ሕግ አንድ ነበር፤ «አንድ ወዲህ፣ አንድ ወዲያ።» እኛ አንድ ረድፍ ስንጨርስ «ወዲህ!» ብለን እንጣራለን፤ ከማዶ «ወዲያ!» የሚል መልስ ሳንሰማ የሚቀጥለውን ረድፍ አንነካም። ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም። ያወቅሁ መስሎኝ ነበር።

በመጋቢት መጀመሪያ ላይ አያ ሞላ ዘመድ ሞቶባቸው ወደ አገራቸው ተጠሩ። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ሲነሱ፣ «ከዘለቀ ጋር እኩል ሂድ» አሉኝ። ሌላ ነገር አላሉም። የጋይንት ሰው ናቸውና የእኛን የታቦት ቀን ልብ አላሉትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማዶው ደብር አቦ ነው፤ የእኛ ደግሞ ሥላሴ። መጋቢት አምስት ዓመታዊው የአቦ ንግሥ ነው። የሲማዳ በኩል ሠራተኞች መጋቢት አራት ቀን፣ ገና ከቀትር በፊት፣ ለዋዜማው መዶሻቸውን አስቀምጠው ሄዱ። ዘለቀ ሲሄድ፣ «ነገ ለንግሡ ና እንጂ፤ እህትህ ጠላ ጠምቃለች» አለኝ። እመጣለሁ አልኩት። የእሱ ሰዎች ከኮረብታው ጀርባ ሲሰወሩ ግን የእኛን ረድፍ አየሁ፣ የእነሱን ረድፍ አየሁ፣ ሰማዩንም አየሁ። ከላይ ከጉና ተራራ በኩል ደመና ነበረ። በመጋቢት የሚታይ ደመና ምንም እንዳልሆነ ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ቀን ግን ሐምሌ የመጣ መሰለኝ።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ዛሬም ሳስታውሰው ያስቀኛል፤ እዚያ አገር ያደገ ሰው ካልሆነ እንዲህ ዓይነት ስሕተት ሊያስብ አይችልም። «እነሱ በአምስት በአቦ ያርፋሉ፤ እኛ በሰባት በሥላሴ እናርፋለን። ዛሬና ነገ እኛ ብንቀድም፣ በሰባት እነሱ ይደርሱብናል። ያው እኩል ነን» አልኩ። ለሠራተኞቹ ስነግራቸው ማንም አልተቃወመኝም። እንዲያውም አንዱ፣ «ትክክል ነው፤ ታቦት ያመጣው እኩልነት ነው» ብሎ አጨበጨበልኝ። በበዓል ቀን ተቆጥረን እኩል ነበርን። እንጨቱ ግን ቀን አይቆጥርም።

በአራት ከሰዓት በኋላ ሁለት ረድፍ አወጣን። በአምስት ጠዋት ከሠራተኞቻችን ግማሾቹ ታቦት ለማንገሥ ተሻገሩ፤ ከቀሩት ጋር ሦስት ረድፍ ጨመርን። ልማድ ሆኖብኝ በየረድፉ መጨረሻ «ወዲህ!» እያልኩ እጣራ ነበር። ከማዶ የሚመልስ የለም፤ ከሩቅ የከበሮና የእልልታ ድምፅ ብቻ ይሰማል። ዘለቀ ነገ መጥቶ ሲያይ ምን ይል ይሆን እያልኩ ለብቻዬ እደሰት ነበር።

ዐቢይ ጾም ስለነበር እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አንቀምስም። ዘጠኝ ሲሆን ሁላችንም ከቅስቱ ላይና ከሥሩ ወጥተን አፋፉ ላይ ካለችው ግራር ጥላ ሥር ተቀመጥን። የገብስ ዳቦ፣ የሽምብራ ቆሎና በተልባ የተለወሰ ስልጆ ነበረን። ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሳልውጥ እንጨቱ ሲጥ አለ። ቀና ብለን አየን። የድጋፉ ጫፍ በእኛ ሸክም ተገፍቶ ወደ ሲማዳ ዘንበል ብሏል። እንደገና ሲጥ አለ፤ ከዚያ ከታች አንድ ግንድ ሾልኮ ወጣ። የሁለት ወር ሥራ ወንዙ ውስጥ ለመግባት አንድ ትንፋሽ አልፈጀበትም። አቧራው ሲገፈፍ የቀረው በዚህኛውና በዚያኛው አፋፍ እግሩ ብቻ ነበር።

ከሩብ ሰዓት በፊት ስድስት ሰዎች ከዚያ እንጨት ሥር ነበሩ። እኔም ነበርኩ። ያን ቀን የሞት ሰው ያልሆንነው ጾሙ ከሥራ አስነስቶን ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጾም ይከብዳል ብዬ አልናገርም።

ጩኸቱን የንግሡ ሰው ሰምቶት ነበር። ነጭ እንደለበሰ ቁልቁል ወርዶ ማዶ አፋፍ ላይ ተሰለፈ። ስንዱ ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ፊት ለፊት ቆመች። ምን ትለኝ ይሆን ብዬ ፈራሁ፤ ከሁሉ ይልቅ የተጎዳችው እሷ ናትና።

«የተጎዳ ሰው አለ?» ብላ ጮኸች።

«የለም፣ እታለም።»

«ተመስገን!» አለች። ያን ጊዜ ነው እንባዬ የመጣው።

ዘለቀ ግን ዝም የሚል ሰው አይደለም። «በአቦ ቀን ድንጋይ ትከምራለህ? ሰው ሲያነግሥ አንተ ትገነባለህ? አቦ ነው የጣለው!» አለ። ከኋላው ያለው ሕዝብ አጉረመረመ። «አቦ ነው፣ አቦ ነው» የሚለው ቃል ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። በማግሥቱ ደግሞ የእኛ ሰዎች፣ «እናንተ በሰበብ ታርፋላችሁ፤ እኛ ስንሠራ ደግሞ ትረግማላችሁ» ብለው መለሱ። ነገሩ ከድልድይ አልፎ ወደ ደብር ሄደ። ከሲማዳ በኩል፣ አቦን ከናቀ ሰው ጋር ድንጋይ አናነሳም የሚል ቃል ተላከብን። ሥራው ቆመ ማለት ነው።

እውነቱን ልናገር። አቦ ነው የጣለው ሲሉ በመጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነበር። አቦ ከጣለው እኔ አልጣልኩትማ! በሙያዬ ማን ምን ሊለኝ ነው? በቅዱስ ማሳበብ እንዲህ ይቀላል። ሁለት ቀን በዚያ ሐሳብ ተጠቅልዬ ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም፤ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ስንዱ ሆዷን ደግፋ ቆማ አያታለሁ።

በሰባት ጠዋት አያ ሞላ ከመንገድ አቧራ ጋር መጡ። ሰላምታም ሳይሰጡን በቀጥታ ወንዙ ውስጥ ወረዱ። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ዞሩ፤ የወደቀውን እንጨት በዱላቸው እየገለበጡ አዩ። ከዚያ ጠሩኝ።

«ስንት ረድፍ ቀደምከው?»

«አምስት።»

«ለምን?»

የአቦንና የሥላሴን ስሌቴን ነገርኳቸው። ጨርሼ አንገቴን ስደፋ፣ ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ሳቃቸውን እየታገሉ ነበር።

«እንጨቱስ የየትኛው ደብር ነው አለህ?» አሉኝ። «አንተ ልጅ፣ አንድ ድልድይ ነው የጣልከው። እኔ ሦስት ጥያለሁ። ሁለቱን አገሩ ሁሉ ያውቃል፤ ሦስተኛውን ሚስቴም አታውቅም። ለምን እንደወደቀ ያወቀ ሰው አልከሰረም። አሁን ግን ይህን የነገርከኝን ለእነዚህ ሰዎች ንገራቸው።»

«አቦ ነው ብለዋል እኮ፣ አያ።»

«አቦ ከሆነ ደግሞ እንደገና ስንሠራውም ይወድቃል ብለው ይፈራሉ፤ ማንም ከሥሩ አይቆምልህም። አንተ ከሆንክ ግን ይታረማል» አሉኝ። ይህን ያሉበት ድምፅ በጣም ዝግ ያለ ነበር።

ያን ቀን ሰባት ነበርና የእኛ ሰዎች ከሥላሴ ቅዳሴ ወጥተው ነጭ ለብሰው አፋፉ ላይ ተቀምጠዋል። የሲማዳ ሰዎችም የአያ ሞላን መምጣት ሰምተው ማዶ ተሰብስበዋል፤ ዘለቀ መዶሻውን ይዞ፣ ቢያንስ የወደቀውን እንጨታችንን እንወስዳለን ብሎ ነው የመጣው። እኔ በሁለቱ መካከል፣ ከፍርስራሹ ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

«አቦ አልጣለውም» አልኩ። «የጣልኩት እኔ ነኝ። አያ ሞላ እኩል ሂድ ብለውኛል፤ አልሰማሁም። ዘለቀን ልቀድመው ፈልጌ ነው። የቸኮልኩትም ለእህቴ ነበር፤ አሁን መንገዷን የዘጋሁባት እኔ ሆንኩ። አቦንም፣ እናንተንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

አንድ ሰው እንዲሰድበኝ በልቤ ለመንኩ። ዘለቀ ወደ ወንዙ ወረደ። ሊመታኝ የመጣ መስሎኝ ነበር። ከፊቴ ሲደርስ ነጠላ ያጣፉትን የእኛን ሰዎች ቀና ብሎ አየ፤ ከዚያ መዶሻውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠ።

«ዛሬ የእናንተ ሥላሴ ነው» አለ። «ዛሬ እኛም አንነካም። ነገ እንጀምራለን።»

የአቦው ገበዝ ከማዶ ሆነው ይህን ሰሙ። «እሰይ!» አሉ። «እንግዲህ ይህ ድልድይ እስኪያልቅ አምስትም የሁላችን፣ ሰባትም የሁላችን ይሁን።» ከእኛ ወገን አንድ ገበሬ፣ «አባ፣ በዓል ስናበዛ ክረምቱ ይቀድመናል» ሲላቸው፣ አያ ሞላ መለሱለት፤ «ያለ በዓሉ ስትሠሩ ነው እኮ ሁለት ወር የጠፋው።» ሁሉም ሳቀ። የሳቁ ድምፅ ለሁለት ቀን ያልሰማሁት ነገር ነበረና እኔም ሳልፈልግ አብሬ ሳቅሁ።

ከፋሲካ በፊት እንጨቱን እንደገና አቆምን። ከወንዙ ያወጣናቸው ድንጋዮች አብዛኞቹ ደኅና ነበሩ፤ ጫፋቸው የተሸረፈውን እንደገና ጠረብን። አምስትና ሰባት በመጣ ቁጥር ሁለቱም አፋፍ ዝም ይላል። በሥራ ቀን ግን «ወዲህ!» ስል «ወዲያ!» የሚለው የዘለቀ ድምፅ እንዲህ ይጣፍጠኛል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል መሐለኛው ድንጋይ ገባ። ኖራው እስኪጠነክር ግን ድጋፉ እንዲቆይ አያ ሞላ አዘዙ። ሰው ሁሉ፣ እኔ ጭምር፣ እናውጣውና እንይ እያልን ወተወትናቸው፤ እሳቸው ጆሮ አልሰጡንም።

ድጋፉን እኛ አላወጣነውም። ሐምሌ በገባ በሦስተኛው ቀን ወንዙ ሞልቶ መጣና ግንዱንም ሳንቃውንም ጠራርጎ ወሰደው። ሁላችንም በዝናብ እየተደበደብን አፋፉ ላይ ቆመን እናያለን። እንጨቱ ሲሄድ ልቤ አብሮ ሄደ። ቅስቱ ግን አልተነቃነቀም። አያ ሞላ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ዝናቡ ራሳቸውን እየመታው፣ ብቻቸውን ወደ መሐል ሄደው ቆሙና ተመለሱ። «በሉ፣ ተሻገሩ» አሉ።

በዚያው ወር ማብቂያ ላይ ስንዱ ምጥ ያዛት። ወንዙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ይጮሃል፤ ዘለቀና ሰዎቹ በቃሬዛ ይዘዋት በላዩ አለፉ። እኔ ዳር ይዤ አብሬ ተሸክሜ ነበር። በማግሥቱ መካነ ኢየሱስ ጤና ጣቢያ ሴት ልጅ ወለደች።

ከዚያ በኋላ በእስቴም፣ በሲማዳም፣ በጋይንትም ብዙ ድልድይ ሠርቻለሁ። አዲስ ቦታ በሄድኩ ቁጥር ከድንጋዩም ከአፈሩም በፊት የምጠይቀው በዚህና በዚያ ያለው ታቦት ማን እንደሆነ ነው። ሰዎች ሃይማኖተኛ ይሉኛል። እኔስ እንጨቱን ፈርቼ ነው። ደብሬ ሥላሴ ቢሆንም በወር በወር በአምስት መዶሻ አልነካም፤ ይህን ግን ስለ ሥራ ብዬ አይደለም የማደርገው። ዘለቀ ያን ቀን መዶሻውን ባያስቀምጥልኝ ኖሮ ግንበኛ ሆኜ እቀር እንደነበር እጠራጠራለሁ። ሰው ስሕተቱን ተናግሮ ቀና ብሎ የሚቆምበት መሬት የሚሰጠው ሲያገኝ፣ ያ ትልቅ ዕድል ነው። እኔ አግኝቻለሁ፤ ስለዚህ ሳልታክት አመሰግናለሁ።

ዘለቀ አምና በነሐሴ ሞተ። መርዶው የደረሰኝ ጠዋት ነው፤ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ነበር። ጃንጥላዬን ይዤ ተነሳሁ፤ ሬሳው አፈር ሳይለብስ ደረስኩ። ስንዱ ነጠላዋን አገልድማ፣ ፊቷ አብጦ፣ ከሰው መካከል አይታኝ መጣችና እጄን ያዘች።

«ወንዙ እንዲህ ሞልቶ፣ በየት መጣህ?» አለችኝ። ሐዘኑ ድልድዩን አስረስቷት ነበር።

«በእግሬ ነው የመጣሁት፣ እታለም» አልኳት። ይህን ልላት በመብቃቴ እስከ ዛሬ አምላኬን አመሰግናለሁ።